ጭስ የሚወጣባቸው በረቶች

ሁልጊዜ ጠዋት፣ ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን፣ አሥራ አራቱን ደረጃዎች ወርዳ የምድር ቤቱን በር ትከፍትና መብራቱን ከማብራቷ በፊት አየሩን ታሸታለች። ወረቀት መሻገት ሲጀምር ከዓይን ቀድሞ አፍንጫ ያውቀዋል። ከዚያ መብራቱን ታበራለች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእርጥበት መለኪያ አንብባ ቁጥሩን በደብተሯ ትጽፋለች፤ ከስልሳ ሁለቱ መሳቢያዎች ተራው የደረሰውን ስባ በውስጡ ያሉትን ካርታዎች አንድ በአንድ ትገለብጣለች። ካርታ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ከቆየ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ስልሳ ሁለቱን ጨርሳ ወደ መጀመሪያው የምትመለሰው በሦስት ወር ነው። እንዲህ ስታደርግ ሃያ አራት ዓመቷ።

የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች «እትዬ መሳቢያ» ይሏታል። ማንም ወርዶ ምንም ቢጠይቃት፣ ቀና ሳትል «የትኛው መሳቢያ?» ስለምትል የወጣላት ስም ነው። አልተቀየመችበትም። እዚህ ቤት የገባችው ወለል ልትወለውል ነበር። የዚያን ጊዜው የካርታ ክፍል ኃላፊ ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ነዳፊ ነበሩና፣ መወልወያዋን አስቀምጣ የካርታዎቹን ቁጥር እንድታነብላቸው ይለምኗት ጀመር። ቆይቶ የከፍታ መስመሮቹን በጣታቸው እየተከተሉ፣ «ሲጠጋጉ ገደል ነው፣ ሲራራቁ ሜዳ ነው፤ የቀረውን እየሠራሽ ትለምጅዋለሽ» አሏት። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ ወደ ምድር ቤቱ ለመውረድ የፈለገ ሰው ስላልተገኘ፣ ቁልፉ «ለጊዜው» ለእሷ ይሰጥ የሚል ደብዳቤ ተጻፈ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ አልተሻረም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወንድሟ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደረጃውን ወረደ። በዘጠኝ ዓመት ይበልጣታል፤ ሁለቱም በተወለዱበት የኮረብታ መንደር እሱ ቀርቷል፣ እሷ ወጥታለች።

«እታለም፣ አጠሩት» አላት፤ ሰላምታም አልሰጣት።

«ምኑን ጋሼ?»

«የምንጩን መንገድ ነዋ!»

ከመንደሩ ሥር ያለው ተዳፋት ድንጋይ ለሚያወጣ ድርጅት ተሰጥቷል። ድርጅቱ ዙሪያውን በሽቦ ሲያጥር የምንጩ መንገድ ከነምንጩ ውስጥ ቀረ። መንደሩ ቧንቧ የለውም፤ በሌላ በኩል ወርዶ ከወንዙ ቀድቶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ወንድሟ ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ አወጣ። «በተጠቀሰው ቦታ ከዚህ ቀደም የእግር መንገድም ሆነ የውሃ ቦታ ስለመኖሩ ማስረጃ አልተገኘም። ተቃውሞ ያለው በአሥር ቀን ውስጥ በሰነድ ያቅርብ» ይላል። ማኅተሙ የራሷ መሥሪያ ቤት ነው።

«አልተገኘም ማለት ምን ማለት ነው? አርባ አባወራ የሚጠጣው ታዲያ ምንድነው?»

«መቼ ደረሳችሁ?»

«ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው።»

«አራት ቀን ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር?»

«ስንሳደብ» አለ ወንድሟ።

ደብዳቤው የተጻፈው ከራሷ በላይ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ማስረጃ አጣን ያሉት ሰዎች የምድር ቤቱን አሥራ አራት ደረጃ ወርደው «አለሽ ወይ?» አላሏትም። ከአጥሩ ይልቅ ይህ አንገበገባት። መሳቢያ አርባ አንድን ሳበች። ከሃምሳ ዓመት በፊት የታተመው ካርታ ላይ፣ ከመንደሩ ተነስቶ ተዳፋቱን እየጠመዘዘ የሚወርድ የተቆራረጠ መስመር አለ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ክብ። ካርታውን ጠቅልላ ብብቷ ሥር አደረገችና ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጣች።

ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ባለሙያ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ምድር ቤት ወርዶ አያውቅም።

«እትዬ፣ ይህንኑ ካርታ እኮ ስካን አድርገን ከሳተላይት ፎቶው ላይ ጭነነዋል። ይኸው፣ ምንጭ የተባለው ያረፈው ገደሉ ግድግዳ ላይ ነው። ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ውሃ የሚቀዳ ሰው አለ?»

«ድልድዩን አሳየኝ።»

«የቱን ድልድይ?»

«ዛሬ ጠዋት በአውቶቡስ የተሻገርክበትን። እሱም አሮጌ ነው፤ ካርታው ላይ አለ።»

ባለሙያው ሥዕሉን ጎተተ። የአሮጌው ካርታ ድልድይ ከወንዙ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ፣ የሰው ማሳ መሀል ተጋድሟል።

«ምነው፣ ድልድዩ ሣር ሊግጥ ወጣ?»

ባለሙያው ጆሮውን አከከ። አሮጌዎቹ ካርታዎች የተለኩበት መነሻ ከአሁኑ የተለየ ነው፤ ቁጥሩን ሳያስተካክል እንዳለ የጫነ ሰው አገሩን በሙሉ ሁለት መቶ ሜትር ገፋው ማለት ነው። ይህንን እሱ በትምህርት ቤት ተምሮታል፤ እሷ ደግሞ ሽማግሌው ነግረዋታል። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አስተካከለው። ድልድዩ ወንዙ ላይ ተመለሰ፤ ምንጩም ከገደሉ ወርዶ በፎቶው ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ጉድባ ውስጥ አረፈ።

«ሳላየው ቀርቼ ነው» አለ።

«ዓይንማ አለህ። እግርህ ነው መውረድ ያቃተው።»

ወሬው ከእሷ ቀድሞ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ደረሰ። አስጠሯት።

«እትዬ፣ አመልካቹ ወንድምዎ ናቸው አሉ። እርስዎ እጅዎን ባያስገቡበት ይሻላል።»

«ካርታውን ማን ያወጣዋል ታዲያ?»

«ስካኑ አለ።»

«ስካኑማ ድልድዩን ሣር ሲያስግጠው ነበር።»

ኃላፊው ሳቃቸውን ዋጡት። «ጉዳዩ ረቡዕ በኮሚቴ ይታያል። ደግሞ እነዚያ የመስክ ደብተሮች እስካሁን አልተወገዱም። ዝርዝሩ ላይ ይፈርሙ ካልኩ ሦስት ወር አለፈኝ።»

የመስክ ደብተሮቹ አሮጌዎቹ ቀያሾች በየተራራው ሲዞሩ የጻፉባቸው ናቸው። ቦታ ያጣብባሉ ተብለው በስድስት ጆንያ ታስረው ከደረጃው ሥር ተቀምጠዋል።

«አልፈርምም» አለች።

«ለምን?»

«አላነበብኳቸውማ።»

«ስድስት ጆንያ ደብተር ሊያነቡ ነው?»

«ከፈረምኩ አዎ፣ ማንበብ አለብኝ። ሳላነብ ግን አልፈርምም።»

ቅዳሜ የካርታውን ቅጂ በጣውላ ላይ ለጥፋ በአውቶቡስ እስከ ድልድዩ ሄደች። ወንድሟ እዚያ ጠበቃት። ከድልድዩ አንድ ሰዓት ተኩል ሽቅብ ነው። አጥሩ በር ላይ ዱላ የያዘ ጥበቃ ቆሟል።

«መግባት ክልክል ነው» አላቸው።

ጣውላውን አስጠጋችለት። «ይህ የተቆራረጠ መስመር ይታይሃል? መንገዱ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት እዚህ ነበር። መሀል መንገድ ላይ ተገትረህ የቆምከው አንተ ነህ።»

ጥበቃው ካርታውን አንጋዶ፣ አዘንብሎ አየው። የአክስቱን ቤት በዓይኑ የፈለገ ይመስላል። «እኔ የታዘዝኩት ሰው እንዳላስገባ ነው» አለ በመጨረሻ። «ስለ ካርታ ያለኝ የለም።»

«ካርታ ብቻውን አይሄድም እኮ።»

«እሱን እኔ አላውቅም» ብሎ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ገቡ።

ካርታውን ከመሬቱ እያስተያየች ወረደች። መስመሩ ወደ ግራ ሲታጠፍ መንገዱም ይታጠፋል። ብቻውን የቆመ ዛፍ ምልክት ባለበት ቦታ ላይ ከገበታ የሰፋ ጉቶ አገኘች። መስመሩ ሁለት የከፍታ መስመሮችን በአንዴ በሚያቋርጥበት ዳገት ላይ ደግሞ አለቱ ራሱ ደረጃ ሆኗል፤ ማንም አልጠረበውም፣ እግር ነው የቦረቦረው። መዳፏን አስገብታ ለካችው፤ እስከ አንጓዋ ዋጣት። ምንጩ ጋ ሲደርሱ የድንጋይ ገንዳው ከንፈር ባንድ በኩል ተበልቷል፤ የውሃ እቃ ሁሉ የሚደገፍበት በኩል።

ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ማጉያ መነጽሯን አወጣች። ምድር ቤቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያየችውን የመንደሯን ካርታ በፀሐይ ብርሃን ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ካርታው ላይ ቤት የሚባለው በጥቁር የተሞላ ትንሽ አራት ማዕዘን ነው። የማዶው መንደር ቤቶች ሁሉ ጥቁር ናቸው። የእነሱ መንደር አሥራ አንድ አራት ማዕዘኖች ግን ውስጣቸው ባዶ ነው። ምድር ቤት ሆና ስታያቸው ሁልጊዜ ቀለሙ የሳሳ ይመስላት ነበር። የምልክቶቹን መግለጫ ፈለገች። ባዶ አራት ማዕዘን፦ የከብት በረት።

«ጋሼ፣ ቤታችን በረት ተብሎ ነው የተመዘገበው።»

ወንድሟ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው።

«አባታችን ነው» አለ። «አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ አስታውሳለሁ። ሦስት እግር ባለው መሣሪያ ተራራውን የሚያይ ሰው መጣ። ሊቆጥረን የመጣ ነው፣ ቤት ካልን ግብር ይከተላል ብለው ሽማግሎቹ መከሩ። ሁሉም ‘በረት ነው፣ ሰው አይኖርበትም፣ ቀን ቀን ለግጦሽ ነው የምንመጣው’ እንዲል ተማማሉ። አባታችን የሰውዬው መንገድ መሪ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ እናታችን አንቺን አዝላ እዚህ ገደል ሥር ዋለች። ውሃ ግን መቀዳቱ አይቀርም፤ ማልደው፣ ሰውዬው ሳይነቃ ይቀዱ ነበር።»

«አመናቸው?»

«ቃላቸውን ደጋግመው አጥንተውት ነበር እኮ!» አለ ወንድሟ፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት። «ብልጦች ነበሩ።»

«ብልጦች ነበሩ። አሁን ብልጠታቸው እኛን በውሃ ጥም ሊገድለን ነው። የድርጅቱ ጠበቃ ይህን ምልክት ካየ፣ በረት ነበር፣ መንገዱም የማንም አይደለም ይላል።»

ወንድሟ ከገንዳው በመዳፉ ቀድቶ ጠጣ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ዋናው ካርታ ያለው አንቺ እጅ ነው» አለ።

«እና?»

«አሥራ አንድ ነጥብ ነው። በጥቁር ቀለም ብትሞያቸው ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እታለም፣ ውሃ ነው እኮ! ቀልድ አይደለም።»

«አባታችን ካርታውን አንዴ አስዋሸው። ሁለተኛ በእኔ እጅ አይዋሽም።»

«ታዲያ ረቡዕ ቆመሽ ምን ልትይ ነው?»

«የሆነውን።»

ወንድሟ እስከ ድልድዩ ድረስ ቀድሟት ወረደ። አውቶቡሱ ሲመጣ ከምንጩ የሞላትን የፕላስቲክ ጠርሙስ እጇ ላይ አስቀምጦ ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት ተራው የደረሰውን መሳቢያ ካገላበጠች በኋላ የመጀመሪያውን ጆንያ ፈታች። ካርታው ግርጌ ላይ ቦታውን የለካው ቡድን ቁጥርና ዓመቱ በደቃቅ ፊደል ታትሟል፤ ያንን ቁጥር የያዘ ደብተር ነው የምትፈልገው። ሰኞ ሁለት ጆንያ ጨረሰች። ማክሰኞ ሦስተኛውን ጨርሳ አራተኛውን ስታጋምስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጀርባው በሰም ጨርቅ የተሸፈነ ደብተር አገኘች። በእርሳስ ነው የተጻፈው፤ እርሳስ ደግሞ ውሃም ዘመንም አያጠፋውም። ከሽፋኑ ውስጥ የቀያሾቹ ደንብ ተለጥፏል፦ የአንድ ቦታ ስምና አገልግሎት ሦስት የአካባቢው ሰዎች ለየብቻ ተጠይቀው የሰጡት ነው፤ ቀያሹ ቃላቸውን በራሱ አስተያየት ሊለውጥ አይችልም፤ አስተያየት ካለው በደብተሩ ይጻፍ። ገጹን እስክታገኝ ገለበጠች።

«ሦስት ሰው ጠየቅሁ። ሦስቱም በረት ነው፣ ሰው አይኖርበትም አሉ። የሦስቱም ቃል አንድ ነው፤ አንዲት ቃል እንኳ አልተሳሳቱም። በደንቡ መሠረት በረት ብዬ አስገብቻለሁ። ነገር ግን ከአሥራ አንዱ በረቶች በዘጠኙ ላይ ጠዋት ጭስ አየሁ። በጎች እሳት ሲያነዱ እስከ ዛሬ አይቼ አላውቅም። ወደ ምንጩ የሚወርደው መንገድ ሁለት ክንድ ይሰፋል፣ ድንጋዩ በእግር ተቦርቡሯል። የተኛሁ መስሏቸው ነው እንጂ ከንጋቱ አሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ሠላሳ ሰባት ውሃ ቀጂዎች ቆጥሬያለሁ። ከገደሉ ሥር ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት አየን፤ መሪዬ ዓይኑን ሰበረ። ሚስቱ ትመስለኛለች። አልጠየቅሁትም።»

ደብተሩን ዘግታ ተነሳችና የእርጥበት መለኪያውን አነበበች። ቁጥሩ ከጠዋቱ አልተለወጠም።

ረቡዕ በሦስት ሰዓት የኮሚቴው አምስት አባላት በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ኃላፊው ሰብሳቢ ናቸው። በአንድ በኩል የድርጅቱ ጠበቃ፣ ከኋላ ወንበሮች ላይ ወንድሟና ሦስት የመንደሩ ሰዎች። ባለሙያው ስህተቱን ራሱ ተናገረ፤ ምንጩና መንገዱ ካርታው ባሳያቸው ቦታ ላይ ናቸው አለ። ጠበቃው አልተቃወመም። እንዲያውም ካርታውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ፈገግ አለ።

«መንገዱን ተቀብለናል። የመሬት ደንቡ የሚጠብቀው ግን ሰው ውሃ የሚቀዳበትን መንገድ ነው፣ ከብት የሚነዳበትን አይደለም። እስቲ መንደር የተባለውን እንየው። እናቴ፣ ይህን ምልክት ያውቁታል መቼም?»

«እናትህ አይደለሁም፤ የመዝገብ ሠራተኛ ነኝ። ምልክቱን ካንተ በፊት አውቀዋለሁ። በረት ነው።»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ።

«እንግዲህ ከተስማማን…» አለ ጠበቃው።

«በምልክቱ ተስማምተናል። በረት ነው ያለው አባቴ ነው፤ ዋሽቷል። ከላይ ሦስተኛው በረት ውስጥ የተወለድኩት እኔ ነኝ።» ደብተሩን ከፈተች። «የለካው ሰው ደግሞ መዋሸቱን አውቆበታል።»

አንዲት ቃል ሳትዘል፣ ሳትቸኩል አነበበችው። በጎቹ እሳት የሚያነዱበት ቦታ ስትደርስ አንዷ የኮሚቴ አባል ሳቋ አመለጣት። ሕፃን ስላዘለችው ሴት የተጻፈውም ላይ ድምፅዋን አልለወጠችም።

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ደብተር ከሚወገዱት ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። ማን አወጣው?»

«ገና አልገባበትም። ዝርዝሩ አልተፈረመበትም።»

«ያለ ማን ፈቃድ ነው ጆንያው የተፈታው?»

«የምድር ቤቱ ቁልፍ ለጊዜው የተሰጠው ለእኔ ነው። ጊዜው አላለቀም፤ ካለቀ ደብዳቤውን ያሳዩኝ።»

የሚያሳዩዋት ደብዳቤ አልነበራቸውም። ኮሚቴው ለሃያ ደቂቃ ብቻውን ተመካከረና ተመልሶ ጠራቸው። የአጥሩ ሥራ ይቁም፤ በሩ ለውሃ ቀጂዎች ክፍት ይሁን፤ ኮሚቴው ሰኞ መንገዱንና ምንጩን በዓይኑ አይቶ በዚያው ቦታ ይወስናል፤ ዋናው ካርታና የመስክ ደብተሩም ይቅረቡ።

ወንድሟ መተላለፊያው ላይ ያዛት። «አባታችንን በሰው ፊት ውሸታም አልሽው።»

«አልኩ። ዓይኑን መስበሩንም አንብቤያለሁ። ሁለቱንም ነው ያልኩት።»

ባርኔጣውን በእጁ ሲያሽከረክር ቆየ። «ሦስተኛው አይደለም» አለ። «የእኛ ከላይ አራተኛው ነው።»

«ሦስተኛው ነው ጋሼ። ካርታውን አይቻለሁ።»

«እኔ ኖሬበታለሁ!»

«እሺ፣ ሰኞ እንቆጥራለን።»

ከምሳ በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ወረደላት፤ ያለ ፈቃድ የታጠረ ቦታ ገብታለች፣ የማስወገድ ትእዛዝ አልፈጸመችም ይላል። «ደርሶኛል» ብላ ፈረመችበት። የመወገጃው ዝርዝር ላይ አልፈረመችም። ስድስቱን ጆንያዎች ፈትታ ደብተሮቹን በቡድን ቁጥራቸው ግድግዳው ሥር ደረደረቻቸው።

ሰኞ ተራው የመሳቢያ አሥራ ሰባት ነው፤ በአንድ ሰዓት ገብታ ትገለብጠዋለች። ኮሚቴው በአራት ሰዓት አጥሩ በር ላይ ይገናኛል። ካርታውንና ደብተሩን የምትይዘው እሷ ናት።